ቋንቋን በሚዛን ላይ ያስቀመጡት መምህር

በሀገራችን አንድ ተማሪ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትን ደጃፍ ከረገጠበት ቀን ጀምሮ ሒሳቡንም፣ ሥነ ሕይወቱንም፣ ታሪኩንም በእንግሊዝኛ ይማራል፤ ፈተናውም በዚያው ቋንቋ ይቀርብለታል። ጥያቄውን ያነብባል፣ አማራጮቹን ያያል፣ አንዱን መርጦ በእርሳስ ያጠቁራል። ያ የጠቆረ ምልክት የአርሶ አደሩን ልጅ ዩኒቨርሲቲ ያስገባዋል፤ አለዚያም ወደ ቤቱ ይመልሰዋል። አንድ ሰው የባዕድ ቋንቋን ምን ያህል እንደሚያውቅ በወረቀት፣ በአማራጭና በቁጥር ማወቅ እንደሚቻል ለማሳየት ዕድሜያቸውን የሰጡ፣ ስለዚሁም ለመምህራን መጽሐፍ የጻፉ አንድ ሰው ነበሩ። ስማቸው ሮበርት ላዶ ይባላል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሮበርት ላዶ የተወለዱት በ1915 በአሜሪካ ፍሎሪዳ ግዛት፣ ታምፓ በተባለች የወደብ ከተማ ነው። ወላጆቻቸው ከስፔን የፈለሱ ስደተኞች ነበሩ። ታምፓ በዚያ ዘመን በሲጋራ ፋብሪካዎቿ የታወቀች፣ የስፔንና የኩባ ሠራተኞች የበዙባት ከተማ ነበረች። ቤተሰቡ ግን በዚያ አልሰነበተም። ልጁ ገና በሕፃንነቱ ሳለ ወላጆቹ ወደ ስፔን ተመለሱ። ስለዚህ ላዶ በልደት አሜሪካዊ ይሁኑ እንጂ አፋቸውን የፈቱት፣ ያደጉትና የጎለመሱት በስፓኒሽ ነው። ወደ ተወለዱባት ሀገር የተመለሱት በ21 ዓመታቸው ሲሆን እንግሊዝኛ አያውቁም ነበር። የሀገሩ ዜጋ ሆኖ የሀገሩን ቋንቋ የማያውቅ ጎልማሳ ማለት እንዲህ ነው።

በ21 ዓመት የሰው ጆሮ ተሠርቶ አልቋል። ሕፃን የሰማውን ሁሉ እንደ ሰማው ይደግመዋል፤ ጎልማሳ ግን የባዕዱን ድምፅ የሚሰማው በገዛ ቋንቋው ወንፊት አጣርቶ ነው። ወንፊቱ የማያሳልፈው ነገር ለእርሱ እንዳልተነገረ ይቆጠራል። ሌሎች የቋንቋ ሊቃውንት ይህን ከመጽሐፍ አንብበው ያወቁት ሲሆን፣ ላዶ ግን በገዛ ምላሳቸውና በገዛ ጆሯቸው ያለፉበት መንገድ ነበር። በኋላ ለጻፉት ሁሉ መነሻው ይኸው ይመስላል።

እንግሊዝኛውን ተምረው በፍሎሪዳ ከሚገኘው ሮሊንስ ኮሌጅ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን፣ ከቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪያቸውን አገኙ። ዶክትሬታቸውን በ1950 ያጠናቀቁት በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ነው። የመመረቂያ ጥናታቸውም ስለዚያው ስለሚያውቁት ነገር፣ ስፓኒሽ ተናጋሪ ጎልማሶች የእንግሊዝኛ ችሎታቸው እንዴት ሊለካ እንደሚችል የሚመረምር ነበር።

ሚሺጋን ለዚህ ሥራ የተመቸ ስፍራ ነበር። አን አርበር በተባለችው የዩኒቨርሲቲው ከተማ ቻርልስ ፍሪዝ የተባሉ ታዋቂ የቋንቋ ምሁር በ1941 ለውጭ ሀገር ሰዎች እንግሊዝኛ የሚያስተምር ተቋም አቋቁመው ነበር። የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ከላቲን አሜሪካ ሀገሮች የመጡ፣ በየሙያቸው የተማሩ ሰዎች ነበሩ። ፍሪዝ ቋንቋ በሰዋስው ሕግ ሽምደዳ ሳይሆን በንግግርና በብዙ ልምምድ መገባት አለበት ብለው የሚያምኑ መምህር ናቸው። ላዶ በዚህ ተቋም የእርሳቸው ደቀ መዝሙርም የሥራ ባልደረባም ሆኑ፤ የልምምድ መጻሕፍትንም አብረው አዘጋጁ። ከ1956 ጀምሮ ደግሞ ተቋሙን በዳይሬክተርነት መሩት።

በዚያ ተቋም ደጃፍ ግን በየጊዜው አንድ ችግር ይቆም ነበር። ከልዩ ልዩ ሀገር የመጣው ተማሪ ሁሉ እንግሊዝኛ በመጠኑ እንደሚያውቅ ይናገራል። ማን ከጀማሪዎች ጋር ይቀመጥ? ማንስ የዩኒቨርሲቲውን ትምህርት ለመከታተል ደርሷል? በቂ ቋንቋ የሌለው ሰው ወደ ክፍል ቢገባ ዓመቱን በከንቱ ያጠፋል፤ በቂ ችሎታ ያለው ሰው ቢከለከል ደግሞ በደል ይሆናል።

ከዚያ በፊት የነበረው አሠራር ለዚህ ጥያቄ አስተማማኝ መልስ አልነበረውም። የእንግሊዙ ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ በ1913 ለውጭ ሀገር ሰዎች ያዘጋጀው የመጀመሪያው የእንግሊዝኛ ብቃት ፈተና ትርጉም፣ ድርሰት፣ ሰዋስው፣ ሥነ ጽሑፍና የቃል ጥያቄ ያለበት፣ በድምሩ 12 ሰዓት ያህል የሚወስድ ነበር። የተቀመጡት ተፈታኞች 3 ብቻ ነበሩ፤ ሦስቱም ወደቁ። በአሜሪካ ደግሞ ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1912፣ ሁለት ተመራማሪዎች የአንድ ተማሪን የእንግሊዝኛ ፈተና ወረቀት ከመቶ ለሚበልጡ መምህራን ልከው እንዲያርሙት ጠየቁ። ወረቀቱ አንድ ነው፤ ጸሐፊውም አንድ ነው። አንዱ መምህር 50 ሲሰጠው ሌላው ከ90 በላይ ሰጠው። ገበያ ወጥቶ አንዱን የጤፍ ጆንያ በሁለት ሚዛን አስመዝኖ የተለያየ ኪሎ የተነገረው ሰው የሚሰማው ቅሬታ ምን እንደሆነ ለአንባቢዎቻችን ማስረዳት አያስፈልግም። በትምህርት ቤት ግን ይህን ቅሬታ ለዘመናት የተሸከመው ተማሪው ብቻ ነበር።

የላዶ ሐሳብ እዚህ ላይ ይገባል። ተማሪው የሚሰናከለው በቋንቋው ሁሉ ላይ አይደለም ሲሉ ተነሡ። የአፍ መፍቻ ቋንቋው ከሚማረው ቋንቋ ጋር በሚመሳሰልበት ቦታ ያለ ችግር ያልፋል፤ በሚለያይበት ቦታ ይወድቃል። እንግዲያው ሁለቱን ቋንቋዎች ጎን ለጎን አስቀምጦ ድምፅን ከድምፅ፣ ሰዋስውን ከሰዋስው፣ ቃልን ከቃል ማነጻጸር ይገባል። የልዩነቱ ቦታ ከታወቀ መምህሩ የት ላይ ብዙ እንደሚደክም፣ ፈታኙም የት ላይ እንደሚጠይቅ ያውቃል።

ነገሩን በምሳሌ ማየት ይሻላል። በእንግሊዝኛ 'መርከብ' እና 'በግ' የሚባሉት ቃላት የሚለያዩት በመካከላቸው ባለው አናባቢ ብቻ ነው። ስፓኒሽ ለሁለቱ አናባቢዎች ያለው አንድ ድምፅ ብቻ ስለሆነ ስፔናዊው ሁለቱንም አንድ አድርጎ ይሰማቸዋል። የእኛም ተማሪ ሁለቱንም 'ሺፕ' ብሎ ያልፋቸዋል፤ ምላስን በጥርስ መካከል አድርጎ የሚነገረውን የእንግሊዝኛ ድምፅም ወደ 'ዝ' ወይም ወደ 'ስ' ይመልሰዋል። ሰዋስውም እንዲሁ ነው። አማርኛ 'መጣ' ሲል ማን እንደመጣ በግሡ ውስጥ አለ፤ እንግሊዝኛ ግን ባለቤቱን በተለየ ቃል ካልጠራ ዐረፍተ ነገር አይቆምለትም። እኛ ግሡን በመጨረሻ እናሳርፋለን፤ እነርሱ ከባለቤቱ ቀጥለው ያመጡታል።

ነገሩ በተገላቢጦሽም ይሠራል። አማርኛ የሚማር እንግሊዛዊ 'ጠ' እና 'ተ' አንድ ይሆኑበታል። 'ልጅህ መጣ' ሊል ፈልጎ 'ልጅህ መታ' ቢል አባትን ሊያስደነግጥ ይችላል። 'ገና' ሲላላ ያልደረሰ ጊዜን፣ ሲጠብቅ የልደትን በዓል እንደሚያመለክት፣ 'አለ'ም እንዲሁ ሲላላና ሲጠብቅ ሁለት ቃል እንደሆነ ለመስማት ብዙ ይደክማል። በላዶ መንገድ ለዚህ እንግሊዛዊ ፈተና የሚያወጣ ሰው 'ቡና' ወይም 'ሰላም' የሚሉትን ቃላት በመጠየቅ ጊዜ አያጠፋም፤ በቀጥታ ወደ 'መጣ' እና 'መታ' ይሄዳል።

በዚህ ዐይነት የተቀረጹ ፈተናዎች ከአን አርበር መውጣት ጀመሩ። በ1946 የማዳመጥ ችሎታን የሚለካ ፈተና፣ በ1951 ደግሞ ለውጭ ሀገር ተማሪዎች የተሰናዳ የእንግሊዝኛ ፈተና በላዶ አዘጋጅነት ታተሙ። ጥያቄዎቹ አጫጭር ናቸው፤ መልሳቸው አንድ ነው። የተቀሩት አማራጮች በዘፈቀደ የተደረደሩ ሳይሆኑ ተማሪው በአፍ መፍቻ ቋንቋው ተስቦ ሊሳሳት የሚችልባቸው ነበሩ። ስለዚህ የተሳሳተ መልስ እንኳ ለመምህሩ ወሬ ያቀብላል፤ ተማሪው የት ላይ እንደተያዘ ይነግረዋል። ማንም ቢያርመው ውጤቱ አይለወጥም። ድርሰትንና ትርጉምን በዋና መለኪያነት ያልወደዱበትም ምክንያት ይኸው ነበር። ድርሰት የሚጽፍ ተማሪ የማያውቀውን ሰዋስው ትቶ በሚያውቀው ብቻ ይጓዛል፤ እግሩን የሚያመው መንገደኛ ኮረኮንቹን ትቶ በሜዳው እንደሚዞር ሁሉ። ፈታኙ ግን ማየት የሚፈልገው በኮረኮንቹ ላይ እንዴት እንደሚሄድ ነው።

በ1957 ይህንኑ የማነጻጸር ዘዴ በመጽሐፍ አወጡት፤ ስማቸውን በዓለም ያስጠራውም ያ መጽሐፍ ነው። ላዶ በዚህ መጽሐፍ በድምፅና በሰዋስው ብቻ አልቆሙም፤ ባህልም ከባህል ጋር እንዲሁ ሊነጻጸር እንደሚችል ጻፉ። ለዚህ ካቀረቧቸው ምሳሌዎች አንዱ ካደጉባት ሀገር የመጣው የበሬ ፍልሚያ ነው። ስፔናዊው በሜዳው ላይ የሚያየው የሰው ጥበብና ድፍረት በጭፍን ጉልበት ላይ ሲያሸንፍ ነው። አሜሪካዊው በዚያው ቦታ ተቀምጦ የሚያየው የሚሠቃይ እንስሳ ነው። ከእኛ ገበሬ አንዱ በመካከላቸው ቢቀመጥ፣ ጥማዱን ያስብና ሁለቱም ያላዩትን ሦስተኛ ነገር ያይ ነበር። ቋንቋ የሚማር ሰው ቃሉን ብቻ ተምሮ ከቃሉ ጀርባ ያለውን እይታ ካልተማረ መግባባቱ ጎዶሎ እንደሆነ ላዶ በዚህ አሳዩ።

በ1960 ወደ ዋና ከተማዋ ዋሽንግተን፣ ወደ ጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ተዛወሩ። በዚያ የቋንቋና የሥነ ልሳን ትምህርት ቤቱን ከዐሥር ዓመት በላይ በዲንነት መሩ። በ1961 ደግሞ ስለ ውጭ ቋንቋ ፈተና አዘገጃጀትና አጠቃቀም ለመምህራን የጻፉት መጽሐፍ ታተመ። ከዚያ በፊት ስለ ቋንቋ ፈተና የተጻፉ ጽሑፎች በየቦታው የተበተኑ ነበሩ፤ ይህን ያህል የተሟላ መጽሐፍ ግን አልነበረም። ድምፅን፣ አነጋገርን፣ ሰዋስውን፣ የቃላት እውቀትን፣ ማዳመጥን፣ ማንበብን፣ መጻፍን፣ መናገርን፣ የባህል ግንዛቤንም ሳይቀር እንዴት እንደሚፈተኑ በየምዕራፉ ያስረዳል። ውጤትን በስሌት መርምሮ ፈተናውን ራሱን ስለመፈተንም ያስተምራል።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ትንሽ ቆም ማለትን ይሻል። ላዶ መምህራን ከፈተና ሁለት ነገር እንዲጠይቁ አስተምረዋል። አንደኛው አስተማማኝነት ነው፤ ያው ተማሪ ዛሬም ነገም ቢፈተን ተቀራራቢ ውጤት ያገኛል ወይ? ሁለተኛው ተገቢነት ነው፤ ፈተናው የሚለካው እለካዋለሁ ያለውን ነገር ነው ወይስ ሌላ ነገር? ሁለተኛውን ጥያቄ የቆሎ ተማሪ ቤት መምህሮቻችን በራሳቸው መንገድ ያውቁት ነበር። ሕፃኑ 'ሀ ሁ ሂ' እያለ ፊደሉን በዜማ ሲዘልቀው ፊደሉን ለይቶ ይሁን ቅደም ተከተሉን በቃሉ ይዞ አይታወቅም። ስለዚህ የኔታ በአቡጊዳ ያስጀምሩታል። በዚያ የፊደሉ ሥርዓት ይለወጥና ዜማው አያድነውም፤ ለይቶ ካላወቀ ይታወቅበታል። ላዶ በብዙ ገጽ ያብራሩት ነገር ከዚህ የራቀ አይደለም።

መጽሐፉ በወጣበት በ1961፣ ላዶ በሚያስተምሩባት በዋሽንግተን ከተማ የዩኒቨርሲቲዎችና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ተወካዮች ተሰብስበው ወደ አሜሪካ ለትምህርት ለሚመጡ የውጭ ሀገር ተማሪዎች አንድ ወጥ ፈተና እንዲዘጋጅ መከሩ። ከዚያ ምክክር የተወለደው ፈተና በ1964 ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰጠ። ይህ ፈተና በሀገራችን ለውጭ ትምህርት ዕድል የሚወዳደር ወጣት ሁሉ የሚያውቀው ቶፍል ነው። የመጀመሪያው ቶፍል አሠራር የዘመኑን አስተሳሰብ የተከተለ ነበር፤ ማዳመጥ ለብቻ፣ ሰዋስው ለብቻ፣ ቃላት ለብቻ፣ ንባብ ለብቻ፣ ሁሉም በአማራጭ። መናገር የሚባል ክፍል አልነበረውም።

ትችቱ ለመምጣት አልዘገየም። በዚያው በ1961 በዋሽንግተኑ ጉባኤ ላይ ጆን ካሮል የተባሉ የሥነ ልቡና ምሁር ቋንቋን ቆራርጦ መፈተን ብቻውን እንደማይበቃ፣ ሰውዬው ቋንቋውን በሙሉ አገጣጥሞ ሲሠራበት ማየትም እንደሚያስፈልግ ተከራከሩ። በተከታዮቹ ዓመታት የተማሪዎችን ስሕተት እየሰበሰቡ ያጠኑ ሌሎች ምሁራን ብዙው ስሕተት ከአፍ መፍቻ ቋንቋ የመጣ እንዳልሆነ አገኙ፤ ከተለያዩ ሀገሮች የመጡ ተማሪዎች አንድ ዐይነት ስሕተት ይሠራሉ፣ ሁለቱን ቋንቋዎች በማነጻጸር ብቻ የተተነበየውም ችግር ሁልጊዜ አይከሠትም። አነጋገርን በወረቀት ላይ በአማራጭ መፈተን ይቻላል የሚለው የላዶ ሐሳብም በኋላ ሲመረመር ደካማ ሆኖ ተገኘ። በወረቀት ላይ ድምፅን በትክክል የለየ ሰው ሁሉ በአፉ በትክክል አይናገረውም።

የእኛ የቅኔ ቤት ትውፊት በዚህ ክርክር ውስጥ ቢገባ ከካሮል ወገን ይቆም ነበር። የቅኔ ተማሪ ግሥ በመቁጠሩ ብቻ ባለ ቅኔ አይባልም፤ ቅኔውን ዘርፎ በመምህሩና በጓደኞቹ ፊት ይነግራል፣ ይታረማል፣ ነገም ሌላ ይዞ ይመጣል። ፈተናውና ሥራው አንድ ናቸው። ይሁንና እዚያ አንድ መምህር የሚያዳምጠው በዙሪያው የተቀመጡትን ደቀ መዛሙርት ነው። በአንድ ቀን በመቶ ሺህ የሚቈጠር ተፈታኝ ሲመጣ የቅኔ ቤቱ አሠራር አይዘልቅም፤ የላዶ ወረቀት ያሸነፈውም በዚህ ነው። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በዚያው ዘመን ዲፕሎማቶቹን ፊት ለፊት እያነጋገረ በደረጃ ይመድባቸው ነበር። እርሱ ግን ጥቂት ሰዎችን የሚፈትን፣ ገንዘብም ጊዜም ያለው መሥሪያ ቤት ነበር።

ላዶን የሚነቅፉ ሰዎች የሚዘነጉት አንድ ነገር ግን አለ። እርሳቸው መጽሐፋቸውን የጻፉት ለክፍል መምህር ነው። ፈተናውን በር መዝጊያ እንዲያደርገው ሳይሆን ተማሪው የወደቀበትን ቦታ አይቶ እንዲያነሣው ነው። ዛሬ በብዙ ሀገር፣ በእኛም ሀገር ጭምር፣ የሚሆነው ሌላ ነው። ተማሪው የተሳሳተው የትኛውን እንደሆነ ሳይነገረው ድምሩ ብቻ ይሰጠዋል። መምህሩም ፈተናው አማራጭ ብቻ እንደሆነ ስለሚያውቅ የአማራጭ ጥያቄ ሲያሠራ ይከርማል፤ እንግሊዝኛ የሚናገርበት ሰዓት ከክፍሉ ይጠፋል። ችግሩ ከዚህም ይሰፋል። የታሪክ ወይም የሥነ ሕይወት ጥያቄ በእንግሊዝኛ ቀርቦለት የሳተ ልጅ፣ የሳተው ትምህርቱን ይሁን ቋንቋውን ከወረቀቱ ላይ ማወቅ አይቻልም። ይህ በላዶ ሁለት ጥያቄዎች ከተመዘነ ሁለተኛውን የማያልፍ ፈተና ነው።

በኋለኛው ዘመናቸው ላዶ ፊታቸውን ወደ ሕፃናት መለሱ። ትምህርት ቤት ያልገቡ ሕፃናት፣ በተለይም በቤታቸው ሌላ ቋንቋ የሚነገርላቸው የስደተኛ ልጆች፣ በሁለት ቋንቋ ማንበብ ሊጀምሩ እንደሚችሉ ለማሳየት ሠሩ። በ1977 ደግሞ በዋሽንግተን በራሳቸው ስም የሚጠራ የእንግሊዝኛ ትምህርት ቤት ከፈቱ። ዋሽንግተንና አካባቢዋ ከዚያ ወዲህ ብዙ ኢትዮጵያውያንን ጨምሮ ከመላው ዓለም የሚመጡ ስደተኞች መናኸሪያ ሆናለች። የተማሩበትን ኮሌጅ በር በ21 ዓመቱ ያለ ቋንቋ ያንኳኳው ጎልማሳ፣ ስድሳ ዓመት ካለፈው በኋላ እርሱን ለመሰሉ ሰዎች በር የሚከፍት ሆነ።

ሮበርት ላዶ በ1995 በ80 ዓመታቸው ዐረፉ። በ1961ዱ መጽሐፋቸው ሰዎች ከቋንቋ ችሎታዎች ሁሉ አብልጠው የሚመኙት መናገርን እንደሆነ፣ ከሁሉም ያነሰ የሚፈተነውና የፈተና ጥበቡም ያላደገው እርሱ እንደሆነ አምነው ጽፈው ነበር። ቶፍል በ2005 ተሻሽሎ ሲወጣ ተፈታኙ ማይክሮፎን ፊት ተቀምጦ በገዛ አንደበቱ እንዲናገር የሚያዝዝ ክፍል ለመጀመሪያ ጊዜ የዋናው ፈተና አካል ሆነ። ላዶ ካረፉ ዐሥር ዓመት ሆኗቸው ነበር።